ሁለት ወፎች ከአንድ ጽዋ

ትሯ-ሪቪዬር፣ ካናዳ
ኦክቶበር 5 ቀን 1958

ለተከበሩ ለወይዘሪት ሶላንዥ ሚሽኖ፣
ፗቲዬ፣ ፈረንሳይ

ይህ ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ማገዶአችንን ከምረን ብርዱን እየጠበቅን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ስሜን ከዚህ በፊት ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም። ቴዎቲም ዱሼን እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት መምህር ነኝ። እናቴ ክሌማንስ ሚሽኖ የአባትዎ የአቶ አሪስቲድ እህት ናት። ወደዚህ አገር የመጣችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። እንግዲህ እኔና እርስዎ ተያይተን የማናውቅ የወንድምና የእህት ልጆች ነን። አድራሻዎን የሰጡኝ በቅርቡ ከፗቲዬ የመጡ አንድ ቄስ ናቸው። በሬግራትሪ መንገድ «ሚሽኖ፣ ጃንጥላ ይጠገናል» የሚል ሰሌዳ ያለበት ሱቅ እንዳለ፣ የተሰበረ ጃንጥላቸውንም እርስዎ እንደጠገኑላቸው ነገሩኝ።

ልጽፍልዎ ያነሣሣኝ የማወቅ ጉጉት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ስለ ከተማችሁ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ትነግረኝ ነበር፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ፣ ቅስታቸው ግማሽ ክብ የሆነ፣ የተማሩት ሰዎች ሮማኔስክ የሚሏቸው። እዚህ እኛ ዘንድ ከቅድመ አያቴ የሚያረጅ ግንብ የለም። ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ በየመንገዱ ማየት ምን እንደሚመስል ላስበው እሞክራለሁ፤ አልችልም።

ጊዜ ካገኙ፣ በእግርዎ ሲያልፉ የሚያዩትን ይጻፉልኝ። በተለይ ስለ በሮቻቸው። በበሮቹ ግራና ቀኝ ባሉት ዓምዶች ራስ ላይ ምን ምን ተቀርጿል? ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ የሚለው ከመጻሕፍት ይገኛል። እኔ የምፈልገው ዐይን ያየውን ነው።

ለአባትዎ ሰላምታዬን ማቅረብ ይገባ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። የሚገባ ከሆነ ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ፣
ቴዎቲም ዱሼን


ፗቲዬ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1958

ለተከበሩ ለአቶ ቴዎቲም ዱሼን፣

ሰላም ለእርስዎና በቤትዎ ላሉት ሁሉ ይሁን።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የአንድ ደንበኛ ጃንጥላ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሽቦውን እያቃናሁ ነበር። ጃንጥላው ያን ቀን ሳይጠገን ዋለ። እውነቱን ልንገርዎ፤ አባቴ እህት እንዳለው አላውቅም ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬአለሁ። የሚጠላውን አይብ፣ የሚያመውን ጉልበት፣ እናቴን ሲቀብር ያላለቀሰውን ለቅሶ አውቃለሁ። ይህን አላውቅም።

ማታ ራት ላይ «አባባ፣ ክሌማንስ የምትባል እህት ነበረችህ?» አልኩት። ማንኪያውን አላስቀመጠም። «ነበረችኝ» አለ። ቀጥሎ ሾርባው ጨው በዝቶበታል አለ። ሾርባው ጨው አልበዛበትም። ስለዚህ ሰላምታዎን በኪሴ አቆይቼዋለሁ፤ አመቺ ቀን ሲመጣ አቀርበዋለሁ።

«ነበረችኝ» ካለ እንግዲህ አርፈዋል ማለት ነው፤ የእናትዎን ነፍስ እግዚአብሔር በሰላም ያሳርፍልዎ። መቼ ነበር ያረፉት? ባውቅ ኖሮ በዚህ ወር መጀመሪያ በዋለው የሙታን ቀን ሻማ አበራላቸው ነበር።

የጠየቁኝን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በየሳምንቱ ቅዳሜ አይብና ጎመን የምገዛው በታላቋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ነው። ግን ግድግዳውን አይቼው አላውቅም። ጎመኑን ነው የማየው። ባለፈው ቅዳሜ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቀና አልኩ። ፊቱ በሙሉ እንደ ጥልፍ ልብስ የተሠራ ነው፤ ባዶ የቀረ ድንጋይ የለም። ነቢያቱ መጽሐፋቸውን ዘርግተዋል። ሁለት ሰዎች ሕፃኑን ጌታ በገንዳ ያጥባሉ። ዮሴፍ ራቅ ብሎ ብቻውን ተቀምጦ ያስባል፤ የሚያሳስበው እንዳላጣ መቼም እናውቃለን። ከታች ያለው ድንጋይ ተበልቷል፤ ድሮ ጨው ነጋዴዎች ጨዋቸውን እዚያ እየከመሩ ነው አሉ።

አይብ የምትሸጥልኝ ፈርናንድ አፌን ከፍቼ ስታየኝ ሥራዋን ትታ መጣችና «ሶላንዥ፣ ባል ከሰማይ እንዲወርድልሽ ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። ካናዳ ያለ ዘመዴ በር ቁጠሪልኝ ብሎኛል አልኳት። እሷም ከእኔ ጋር ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት እዚያ ቆማ ሸጣለች፤ ዮሴፍን ያን ቀን ነው ያየችው።

ሌሎቹን በየተራ እዞራቸዋለሁ። ጉጉትዎ እንደ ጉንፋን ሳይጋባብኝ አልቀረም።

ሶላንዥ ሚሽኖ


ትሯ-ሪቪዬር፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1958

ለተከበሩ ለወይዘሪት ሶላንዥ፣

የልደት በዓል ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስ ይሆናል፤ የደስታ ያድርግልዎ። እዚህ ወንዙ ከዳር ዳር መያዝ ጀምሯል።

ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩት። በቤታችን ዮሴፍ አስቆናል። ስለ ሾርባው ግን አልሳቅንም።

አሁን አንድ የተለየ ነገር ልጠይቅዎ። በከተማችሁ ካሉት በሮች በአንዱ ላይ ሁለት ወፎች ከአንድ ጽዋ ሲጠጡ የተቀረጸበት አለ ይባላል። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን በር እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የታላቋ እመቤታችን አይደለም፤ የእሷን ደጃፍ እናቴ በደንብ ታውቀው ነበርና። ከመጻሕፍት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ወፎቹ ምናልባት ትንንሽ ይሆናሉ፤ ማንም ያልጻፈላቸው።

ቢደክምዎ ግን ይተዉት። ይህን የምለው ከልቤ እንዳልሆነ ሳይገባዎት አይቀርም።

የእርስዎው፣
ቴዎቲም


ፗቲዬ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1959

ውድ ወንድሜ ቴዎቲም፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ። የአክስቴን ልጅ «እርስዎ» እያልኩ መጻፍ ሰለቸኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ። አንተም አንቺ በለኝ።

ወፎችህ እግሬን አሳበጡት። በመጀመሪያ ቅዱስ ፖርሼር ሄድኩ፤ ከሱቄ ቅርብ ነው። የደወሉ ግንብ በመንገዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ጫማና ኮት ሲገዛ በሥሩ ያልፋል። በበሩ ዓምድ ራስ ላይ ዳንኤል በአንበሶች መካከል ተቀምጧል። አንበሶቹ ፊታቸው የሰነፍ ድመት ፊት ነው፤ የቀረጻቸው ሰው አንበሳ አይቶ እንደማያውቅ በግልጽ ያስታውቃል። ወፍ የለም።

ቀጥሎ ዳገቱን ወጥቼ ቅዱስ ኢሌር ገባሁ። እዚያ ውስጥ ዓምዱ እንደ ዛፍ ብዙ ነው፤ በአንዱ ስታልፍ ሌላው ብቅ ይላል። መቅደሱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ካህኑ ከደረጃው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያይሃል። ወፍ የሚመስል ነገር በየጥጉ አየሁ፤ የሰው ፊት ያለው፣ ጅራቱን የሚነክስ፣ አንገቱ ከጎረቤቱ አንገት ጋር የተጠላለፈ። ጽዋ የያዘ አላገኘሁም። አንገቴን አቅንቼ ስዞር አንዲት አሮጊት ተከተለችኝና ሌባ መሆኔን ለማጣራት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ወንዙ ወርጄ ቅድስት ራደጎንድን አየሁ። ከመቅደሱ ሥር ወዳለው ጓዳ በደረጃ ትወርዳለህ፤ ንግሥት የነበረችው የቅድስቲቱ መቃብር እዚያ ነው። ሴቶች ስለ ልጆቻቸው ይለምናሉ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ስለ ወፎችህ ለመንኩ። ስወጣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ስንት ዓመት ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ስሄድ ኖርኩ። አሁን ቅስት ሳይ ተጠምዝዤ ካላየሁት አላልፍም።

አባቴ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «አብያተ ክርስቲያናት እያየሁ ነው» አልኩት። «ጸሎት አበዛሽ» አለኝ። ስለ ወፎቹ አልነገርኩትም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እናትህ መቼ እንዳረፉ ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። ዘለህ አልፈኸዋል። መምህር ሰው ጥያቄ ሲዘለል ያውቃል፤ ጃንጥላ ጠጋኝም ታውቃለች።

እህትህ ሶላንዥ


ትሯ-ሪቪዬር፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1959

ውድ እህቴ ሶላንዥ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እግርሽን ሞቅ ባለ ውኃና ጨው እጠቢው፤ እዚህ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የተዘለለው ጥያቄ ዕዳ ሆኖብኛል። መልሱ የእኔ ብቻ አይደለምና ጥቂት ታገሺኝ።

ስለ በሩ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። የውጭ በር ነው፤ መንገደኛ የሚያየው። ወደ ወንዙ ከሚወርዱት መንገዶች በአንዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ልብስ አጣቢዎች በዚያ ያልፉ ነበርና። ታላላቆቹን ዞረሻል። ምናልባት ይህኛው ትንሽ ነው። ምናልባትም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

አባትሽን ብትጠይቂያቸው ያውቁት ይሆናል። አይ፣ አትጠይቂያቸው። ይልቅ ስለ እሳቸው ጻፊልኝ። ዐይናቸው ያያል? በእግራቸው ይሄዳሉ? ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ ወይስ ዝም ይላሉ? ይህ ምን ያደርግልሃል ብትዪ፣ ሰው አጎቱን ማወቅ ይፈልጋል ብለሽ ተይው።

ወንድምሽ ቴዎቲም


ትሯ-ሪቪዬር፣ ማርች 8 ቀን 1959

ውድ ሶላንዥ፣

ደኅና ነሽ? ከጃንዋሪ ወዲህ ምንም አልደረሰኝም። ፖስተኛው ሲመጣ የመስኮቱን በረዶ በጥፍሬ እየፋቅሁ አያለሁ።

በጻፍኩት ነገር አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ወፎቹን ባታገኚም ግድ የለም፤ እንዳላገኘሽ ብቻ ጻፊልኝ። በቤታችን ሕመም ገብቷል፤ በቶሎ ማወቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቴዎቲም


ፗቲዬ፣ ማርች 22 ቀን 1959

ውድ ወንድሜ ቴዎቲም፣

ለታመመው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ምሕረት ይላክለት። ዝም ያልኩት ከክፋት አይደለም። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

አትጠይቂያቸው ብለኸኝ ነበር፤ ጠየቅሁት። ፌብሩዋሪን ግማሹን ወደ ወንዙ በሚወርዱት መንገዶች ስዞር ከርሜ ምንም አላገኘሁም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሰለቸኝና «አባባ፣ ሁለት ወፎች ከአንድ ጽዋ የሚጠጡበት በር የት ነው?» አልኩት። ይሄኔ ማንኪያውን አስቀመጠ። ማን ነገረሽ አለኝ። ያ የካናዳው ዘመድ ነው የጠየቀኝ ስለው ተነሥቶ ክፍሉ ገባና ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ። ጠይቀኸኝ ነበርና ልንገርህ፤ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በድመቷ በኩል ነው የሚያናግረኝ። «ለዚያች ሴትዮ ዳቦ እንዳለቀ ንገሪያት» ይላታል። እኔም «ለሽማግሌው አሁን ልገዛ ነው በዪው» እላለሁ። ድመቷ አንዳችንንም አትሰማም። በዚህ ሁኔታ ምን ልጻፍልህ?

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ደህናውን ጫማውንና ባርኔጣውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። «ጃንጥላ ያዢ» አለኝ፤ ለእኔው ነው፣ ለድመቷ አይደለም። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክንዴን ይዞ በግራንድ-ሪው መንገድ ቁልቁል ወረድን። ካፊያ ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ባለፍኩበት ጠባብ መንገድ ገብተን በአንድ የጎማ ነጋዴ መጋዘን ፊት ቆመ።

ቅዱስ ቪቪያን ይባል ነበር አለኝ። በአብዮቱ ጊዜ ከካህናት እጅ ወጥቶ መጀመሪያ የእህል፣ ኋላ የእንጨት፣ አሁን የጎማ ቤት ሆኗል። ጣሪያው ዝቅ ተደርጎ በቆርቆሮ ተሠርቷል፤ መስኮቶቹ በጡብ ተደፍነዋል። ሦስት ጊዜ ሳልፍ መጋዘን እንጂ ሌላ አላየሁም። አሁን ግን ዐይኔ ስለለመደ ከቆርቆሮው በታች የበሩን ቅስት ለየሁት፤ ጥላሸት የጠጣ፣ ግማሽ ክብ። የግራው ዓምድ ራስ ይታያል፤ ቅጠል ነው። የቀኙን የጎማ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሸፍኖታል።

ነጋዴው ከጎን ቤት አፉን እየጠረገ ወጣ። እሑድ አንሸጥም አለን። አባቴ «ሰሌዳህን ከፍ አድርግልኝ» አለው። ሰውየው «ምን ልታዩ?» ቢል «ወፎቹን» አለው። የምን ወፎች እንደሆኑ የገባው አይመስልም፤ ግን የአባቴን ፊት ሲያይ መሰላል አምጥቶ ሰሌዳውን ከአንድ ወገን ፈታው።

አሉ፣ ቴዎቲም። ከክንዴ አይበልጡም። ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ቆመው፣ እግራቸውን ጽዋው ላይ አሳርፈው ይጠጣሉ። የአንደኛው ጭንቅላት ተሰብሮ ወድቋል፤ አንገቱ ግን ወደ ጽዋው እንደተዘረጋ ነው። ነጋዴው ራሱ መሰላሉ ላይ ቆሞ አቧራቸውን በእጅጌው አራገፈላቸው።

አባቴ ከዓምዱ ሥር ያለውን ድንጋይ በጃንጥላው ጫፍ ነካው። «እዚህ ነበረች» አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። እህቱ ክሌማንስ ከእናቱ አልተወለደችም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እዚህ በር ሥር አግኝቷት ነው ወደ ቤት ያመጣት። እናቱ ለማንም እንዳይናገር አስማለችው፤ አልተናገረም። ክሌማንስ ልታገባ ስትል አንዲት ጎረቤት ነገረቻትና መጥታ «ታውቅ ነበር ወይ?» አለችው። «አውቅ ነበር» አላት። እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቀው ሄደች። ወደ ካናዳ ሁለት ጊዜ ጻፈላት፤ መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፈም፤ ስሟንም አላነሣም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ አረፍ አልን። «መቼ ሞተች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «የት ነው የቀበሯት?» አለ። እሱንም አላውቅም። ስለዚህ አሁን መዝለል የለም፤ የምጠይቅህ ለእኔ አይደለም።

እህትህ ሶላንዥ


ትሯ-ሪቪዬር፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1959

ውድ እህቴ ሶላንዥ፣

ለአጎቴ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ መጀመሪያ ይቀመጡ። እናቴ አልሞተችም።

ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ የምትጠይቅሽ እሷ ናት። የአንቺን ደብዳቤዎች ሁሉ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ እያነበብኩላት ሰምታለች። ነፍሷን በሰላም ያሳርፍ ብለሽ ስትጽፊ «ተዋት፣ እንደዚያ ይሁን» አለችኝ። ወንድሟ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ስሟንም ሲሰማ ምን እንደሚል ሳታውቅ፣ የጠየቀችው እሷ መሆኗ እንዲታወቅ አልፈለገችም። ፌብሩዋሪ ላይ ደጃፋችን ላይ በረዶ አንሸራትቷት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ትድናለች ይላል፤ እሷ ግን ጊዜዋ ያጠረ መስሏት ነበር። ያን ጊዜ ነው የተጣደፍኩት።

ለእኔም የነገረችኝ ባለፈው ዓመት ነው። ሠርጓ በተቃረበበት ሰሞን አንዲት ልብስ አጣቢ ጎረቤት ከእሷ ጋር ተጣልታ «አንቺን ሁለቱ ወፎች በር ሥር ነው የለቀሙሽ፤ ያሳደጉሽም መንግሥት ለሚሰጠው ድጎማ ብለው ነው» አለቻት። የተጣሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ መንግሥት ይከፍል እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ አመነቻት። ወንድሟን ስትጠይቀው «አውቅ ነበር» ሲላት የቀረውንም እውነት ነው ብላ ደመደመች። የጻፉላትን ደብዳቤዎች ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። በዚህ ዕድሜዋ ግን ያ በር ምን እንደሚመስል የማወቅ ምኞት ያዛት። ቢያንስ ወፎቹ ቆንጆ እንደሆኑ ልወቅ አለችኝ።

የማርቹን ደብዳቤሽን ሳነብላት «እዚህ ነበረች» የሚለው ላይ አስቆመችኝ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀት ስጠኝ አለችኝ። የጻፈችውን አያይዤ ልኬዋለሁ፤ እኔ አላነበብኩትም።

ወንድምሽ ቴዎቲም


አሪስቲድ፣

እንደምን ከርመሃል? ሾርባ ላይ ጨው በዛ ማለትህን እንዳልተውክ ሰምቻለሁ። እናታችን በዚያ ስንት ጊዜ ተቆጥታሃለች።

እኔ አለሁ። አልጋ ላይ ነኝ፤ እነሳለሁ። ስድስት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ባሌን ቀብሬአለሁ። የማንም እንዳልሆነች ልጅ ሆኜ አልኖርኩም።

ደብዳቤዎችህን አቃጥያቸዋለሁ። በውስጣቸው ምን እንደነበረ አሁን ማወቅ እፈልጋለሁ። ያቺ ሴትዮ ስለ ድጎማው የተናገረችው እውነት ከሆነ እውነት ነው በለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አልሞትበትም። ያን ቀን ምን እንዳየህ ሁሉንም ጻፍልኝ። አለቅስ ነበር? ምን ለብሼ ነበር? ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ በምድር ላይ የለም።

ክሌማንስ


ፗቲዬ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1959

ለእህቴ ለክሌማንስ፣

እግዚአብሔር ምሮ ያስነሣሽ። ሶላንዥ እኔ ልጻፍልህ አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ቢወላገድ ልጅሽ መምህር ነው፣ ያነብልሻል።

በሕይወት አለሽ ሲሉኝ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ተነሥቼ እስከ መንገዱ ጥግ ሄጄ ተመለስኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ከዚያ ሶላንዥ ቅቤ የበዛበትን ትልቁን የበዓል ብስኩት ገዝታ መጣች፤ እንደ አገራችን ልማድ በቡጢ ሰብረን በላን።

ድጎማው ውሸት ነው። አባታችን በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ሴት ልጅ ተወለደችልኝ» ብሎ አስመዘገበሽ። ለተጣለ ልጅ የሚከፍሉት ደግሞ ተጥሎ መገኘቱን ለነገራቸው ሰው ነው። እሱ አልነገራቸውም። ከመንግሥት ምንም ሳይቀበል ነው ያሳደገሽ። እናታችን ያስማለችኝም ለዚሁ ነው፤ ከታወቀ ይወስዷታል ብላ። በደብዳቤዎቼ የጻፍኩት ይኸው ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ወተት አምጣ ተብዬ ተልኬ ነበር። በዚያ መንገድ ሳልፍ ሁልጊዜ ወፎቹ ዘንድ እቆም ነበር። ከሁለቱ ማን ቀድሞ ጠጥቶ እንደሚጨርስ ለማወቅ እፈልግ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው እግሬ ለስላሳ ነገር ነካ። አንቺ ነበርሽ። አላለቀስሽም። ዐይንሽን ከፍተሽ ነበር፤ እኔ ወፎቹን ሳይ አንቺ እኔን ታይኝ ነበር። የወተቱን ዕቃ እዚያው ትቼ አንሥቼሽ ሮጥኩ። የወተቱ ዕቃ ተሰረቀ፤ ስለ እሱ ማንም አልተቆጣኝም።

ምን ለብሼ ነበር ብለሽኛል። ራቁትሽን በሴት የሱፍ የትከሻ ልብስ ተጠቅልለሽ ነበር። ቡናማ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ተቀድዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ጥር ወር ነበር፣ ድንጋዩ ላይ አመዳይ ነበረ፤ ልብሱ ግን ገና የሰው ሙቀት አልለቀቀውም። ይህን ለእናታችን ስነግራት አንቺን እቅፌ ላይ አኖረችና ልብሱን ይዛ ወደ ወንዙ ሮጠች። ያቺ ሴት ሩቅ አልሄደችም፣ በዚህ ብርድ ያለ ልብስ ናት ብላ ነው። ተጣራች። ከድልድዩ ማዶ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ማንንም አላገኘችም።

ከዚያ ልብሱን አጥባ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮታችን ላይ ሰቀለችው። የብርዱን ወራት በሙሉ እዚያው ዋለ። ጎረቤት ሲጠይቃት ላድርቀው ብዬ ነው ትል ነበር። ለእኔ ብቻ፣ «እናትየዋ በዚህ ካለፈች ልጇ የት እንዳለች ትወቅ» ብላ ነገረችኝ።

በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ ልብሱ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ነፋስ እንደሆነ ብለን በመንገዱ ፈለግነው፤ የለም። እናታችን ያን ቀን ወደ ሥራ አልሄደችም። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አንቺን ታቅፋ፣ ፊትሽን ወደ መንገዱ አዙራ ደጃፉ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ብዙ ሰው አለፈ። ቆሞ ያነጋገራት የለም።

ሲመሽ ተነሥታ በሩን ዘጋች። «እንግዲህ አይታታለች» አለችኝ።

ወንድምሽ
አሪስቲድ